ደህና ሆና ያየሃት መቼ ነው?

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤት ጥግ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ባንድ ዓይኔ መነጽር፣ ወረንጦ በጣት፣
የሰው ሰዓት ስፈታ፣ የሰው ሰዓት ስገጥም፣
«ጎንደር ላይ ጊዜን እንደኔ የሚያውቅ የለም»
እል ነበር። ጉራ ነው፤ ግን ማንም አልካደኝም።

ያን ጧት ግን ሐኪሟ፣ ዶክተር ውብነሽ የሚሏት፣
ካርድ ሳይወጣላት፣ ስሟን ሳልነግራት፣
«ደህና ሆና ያየሃት መቼ ነው? በስንት ሰዓት?»
ብትለኝ ጊዜ
ምላሴ ደረቀ፤ ከየት ላምጣው ከየት?

ማታ በአራት ሰዓት ለመኝታ ስንሄድ
«ነገ የመብራቱን ካርድ መሙላት እንዳትረሳ»
ብላኛለች አትጠገብ። እሱን አውቃለሁ።
ጧት ለአንድ ሩብ ጉዳይ
ቀኝ እጇ ካልጋው ወርዶ የሰው ዕቃ መስሏል፣
ከንፈሯ ወደ ግራ እንደ መጋረጃ ተስቧል፣
ስሜን ልትጠራ አፏን ትከፍትና
«እ…» ብላ ትቀራለች።
በሁለቱ መሀል፣ እኔ ሳንኮራፋ፣
የትኛዋ ደቂቃ ናት ይኼን የሠራች?
ለሙከራ የሰቀልኳቸው ሰባት ሰዓቶች
ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤
አንዱም አልመሰከረም።

ጎረቤት «ምች ነው» አለ፣ ዳማከሴ ጨመቀ፤
አንዷ «ሰው አይቷት ነው» ብላ ጨው በተነች።
እውነቱን ለመናገር ያተረፋት የባጃጁ ልጅ ነው፦
«አባባ፣ እናቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት፣ ይግቡ!»
አለና ከማራኪ ቁልቁል
ፍሬን የሚባል ነገር ረሳ።

«አላውቅም» አልኳት ሐኪሟን።
ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ሰዓቱን አላውቅም።
አልተቆጣችም።
«ድሮ ቢሆን» አለች፣ «ስድስት ሰዓት ካለፈ፣
ወይ ሰዓቱ ካልታወቀ፣ እጃችንን አጣጥፈን እናይ ነበር።
አሁን አንጎሏን ራሱን እንጠይቃለን።»
ሥዕሉን አበራችው፦
«ይቺ የሞተች ናት፣ ሽልንግ አታህልም።
ዙሪያዋን ያለው ግን፣ ይኼ ሁሉ፣ ደም ጠምቶት ነው እንጂ
አልሞተም። ይጠብቀናል።»

ይጠብቀናል!
እኔ የማልፈታው ሰዓት መኖሩ
ያኔ ነው የገባኝ።

የአዲሱ ክፍል ቀለም ገና ይሸታል።
ካቴተሩ፣ ከፓስታ የቀጠነ፣ ከብሽሽቷ ገባ፤
በሆድ ሽቅብ፣ በልብ ጎን፣ በአንገት በኩል።
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
የሌላ ባለሙያ እጅ አያለሁ።
አይቸኩልም። ሙያ አውቃለሁ፤
ጸጉር የምታክል ሞላ ስመልስ እኔም እንደዚያ ነኝ።
የሽቦዋ መረብ ጫፉ ላይ ፈካች፣ ያዘች፣ ተሳበች፤
ባዶ እጇን መጣች።
ሁለተኛውም ባዶ።
በሦስተኛው፣ ለጥምቀት ሰሞን የቀሃ ቦይ ተከፍቶ
ውሃው ወደ መጠመቂያው እንደሚንደረደር፣
ባዶው መስኮት ላይ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ
ደሟ ሞላ።

በነጭ ጨርቅ አሳዩኝ። የኑግ ፍሬ፣ ቢበዛ ምስር።
ይቺ ናት እንግዲህ?
ከሰዓት ሆድ ከዚች የባሰ ጉድፍ
በየቀኑ እፍ እላለሁ።

ደስታዬን ይዤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ
የጭልጋው የአያ ጫኔ ልጅ ቆሟል።
አባቱ ሦስተኛ ቀናቸው፦
አንዱ ለጸበል፣ አንዱ ለመኪና፣
አንዱ ብር ለመበደር ሄዷል።
የእሳቸው ሥዕል፣ የተረፈ የለውም።
«ጋሼ፣ ያን የእርስዎን ሽቦ ለእኛም አይሉልንም?» አለኝ።
ምን ልበለው?
የእኔ ሌሊት ከሱ ሦስት ቀን ያጠረው በጽድቄ አይደለም፤
ማራኪ ለሆስፒታሉ ስለሚቀርብ ነው።
ሻይ ገዛሁለት። አልጠጣውም።

በማግስቱ አትጠገብ ዓይኗን ገለጠች፣
ከንፈሯ ታገለ፣ ታገለና «…ተው» አለች።
ስሜ ቢተው ነው።
የስሜን ጅራት ይሁን፣ ወይ እጇን አጥብቄ ብይዛት
ልቀቀኝ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።
ማታ ቤት ስገባ ጨለማ፤ ካርዱን አልሞላሁም።

ቀኝ እጇ አሁንም ከግራው ወደኋላ ይቀራል፤
እንዲህ ያለ ሰዓት እኔ ጋ ይፈታል፣ ይገጠማል።
ይኼን ግን አልነካውም።
ጨዉን እስክታነሳ፣ ወጡ ቢቀዘቅዝም፣
ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የትም አልሄድም።